ከተወረሰ በኋላ ገንዘቡ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2009 በኒውዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ዴኒ ቺን በርናርድ ማዶፍ ላይ የ150 ዓመት እስራት ሲፈርዱ የብዙዎች ዐይን ያረፈው በእስራቱ ላይ ነበር። የ71 ዓመት ሰው 150 ዓመት መታሰሩ መልእክት ለማስተላለፍ እንጂ ሊፈጸም የሚችል ቅጣት እንዳልሆነ ዳኛውም፣ ተከሳሹም፣ ችሎቱን የሞሉት ተጎጂዎችም ያውቁ ነበር። ከቅጣቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የተሰጠው ሌላ ትዕዛዝ ግን ያን ያህል አልተወራለትም። ማዶፍ በማጭበርበር ያገኘውን 170.8 ቢሊዮን ዶላር ለአሜሪካ መንግሥት እንዲያስረክብ ተፈርዶበት ነበር። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት የዚህን አንድ አራተኛ እንኳ አይሞላም።

ይህ ትዕዛዝ ከወጣ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ማዶፍ እ.ኤ.አ. በ2021 በእስር ላይ እያለ ሞቷል። የተወረሰው ገንዘብም ለተጎጂዎች ተከፋፍሎ የመጨረሻው ክፍያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ተጀምሯል። ስለዚህ ሒሳቡን መመርመር የሚቻልበት ጊዜ ነው። ምርመራው የሚያሳየን የወንጀል ፍሬን የመውረስ ሕግ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች እንዳሉት ነው። መጀመሪያ ፍርድ ቤት ያዝዛል፤ ቀጥሎ መንግሥት ገንዘቡን ያገኛል፤ በመጨረሻም የተገኘው ለባለቤቱ ይደርሳል። ብዙ አገሮች፣ የእኛይቱም ጭምር፣ ጉልበታቸውን የሚያፈስሱት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ነው። ሕጉ ፍትሕ ሆነ ወይስ አልሆነም የሚባለው ግን በሦስተኛው ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ማዶፍ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2008 ሲያዝ ደንበኞቹ እጅ ያሉት የሒሳብ መግለጫዎች ሲደመሩ 64.8 ቢሊዮን ዶላር አላችሁ ይሏቸው ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ያ ገንዘብ የትም አልነበረም። አክሲዮን ተገዛ፣ ተሸጠ፣ አተረፈ እየተባለ የተጻፈው ሁሉ ቢሮ ውስጥ የተፈበረከ ወረቀት ነው። በእውነት ይካሄድ የነበረው አዲስ ደንበኛ ያስገባውን ወስዶ ለቀድሞው ደንበኛ ትርፍ ብሎ መክፈል ነበር። ደንበኞች ከኪሳቸው አውጥተው ሰጥተው ያልተመለሰላቸው ዋና ገንዘብ፣ የድርጅቱን ኪሳራ እንዲያጣራ የተሾመው ባለአደራ በመጀመሪያ እንደገመተው፣ ወደ 17.5 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል።

ታዲያ የጠፋው 17.5 ቢሊዮን ከሆነ እንዴት 170.8 ቢሊዮን እንዲወረስ ታዘዘ? መልሱ ሕጉ የሚቆጥረው ምን እንደሆነ ላይ ነው። የወንጀል ፍሬ ሲሰላ ወንጀለኛው መጨረሻ ላይ እጁ ላይ የቀረው ትርፍ ብቻ አይደለም የሚታየው፤ በማጭበርበሩ ምክንያት የገባው ገንዘብ በሙሉ ይታያል። ማዶፍ የደንበኞቹን ገንዘብ የሚያስቀምጠው በጄፒ ሞርጋን ቼዝ ባንክ በከፈተው አንድ ዋና ሒሳብ ነበር። በዚያ ሒሳብ በብዙ ዓመታት የገባው ሁሉ ተደመረ። አንድ ደንበኛ አንድ ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ፣ ቆይቶ ወስዶ፣ እንደገና ቢያስገባ ሁለቴ ይቆጠራል። በዚህ አቆጣጠር የሚወረሰው ገንዘብ ድምር ከጠፋው ገንዘብ ወደ አሥር እጥፍ ደረሰ።

ይህ አቆጣጠር ያለ ክርክር የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኢንዲያና ግዛት ሕገወጥ ሎተሪ ያካሂድ በነበረ ሰው ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጥያቄው ገንዘብ ማጠብን የሚከለክለው ሕግ የወንጀል ገቢ ሲል ጠቅላላውን ገቢ ነው ወይስ ወጪው ተቀንሶ የቀረውን ትርፍ የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በጠባብ ልዩነት ለተከሳሹ ፈረደ። የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ዝም አላለም። በሜይ 2009 ማለትም በማዶፍ ላይ ከመፈረዱ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ሕጉን አሻሽሎ ገቢ ማለት ጠቅላላ ገቢ እንደሆነ ደነገገ። ለዚህ አቋም ጠንካራ ምክንያት አለ። አጭበርባሪ ለቢሮ ኪራይ፣ ለሠራተኛ ደመወዝና ለማስታወቂያ ያወጣሁት ይቀነስልኝ ካለ፣ ሕጉ የማጭበርበሪያውን ሥራ እንደ ማንኛውም ንግድ ወጪ ያወራርድለት ነበር ማለት ነው። ተጎጂው ደግሞ የጠፋበት ጠቅላላው እንጂ ትርፉ አይደለም።

ይሁንና ትልቅ ቁጥር ማዘዝ ገንዘቡን ማግኘት ማለት አይደለም። የማዶፍ ወንድም ፒተር ማዶፍም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 የ10 ዓመት እስራት ሲፈረድበት 143.1 ቢሊዮን ዶላር እንዲያስረክብ ታዟል። የሁለቱ ወንድማማቾች ትዕዛዝ ሲደመር ከ313 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ይህን የሚያህል ሀብት የነበረው ግለሰብ በምድር ላይ አልነበረም።

ገንዘቡ ከየት ተገኘ?

ማዶፍ ሲያዝ መርማሪዎች በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ወደ 100 የሚጠጉ የተፈረሙ ቼኮች አገኙ፤ ድምራቸው ከ173 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ለቤተሰብ፣ ለወዳጆችና ለሠራተኞች ሊልካቸው ያዘጋጃቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ማርሻሎች ንብረቱን አንድ በአንድ ለቀሙ። የማንሃተኑን አፓርታማ፣ በሞንቶክ የነበረውን የባሕር ዳር ቤት፣ የፍሎሪዳውን ቤትና ጀልባዎቹን ሸጡ። ባለቤቱ የኔ ነው ስትለው የነበረውን 80 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሀብት ለቃ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ እንዲቀርላት ተስማማች። ስሙ የተጻፈበት የሜትስ ቤዝቦል ቡድን ጃኬት ሳይቀር በጨረታ 14,500 ዶላር አወጣ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ከጠፋው አንጻር ኢምንት ነው። አጭበርባሪ ገንዘቡን ይዞ አይቆይም፤ ተንኮሉ እንዲቀጥል ራሱ መክፈል አለበት። ስለዚህ የጥፋተኝነት ውሳኔ በተሰጠበት ሰው ላይ የሚጻፍ ትዕዛዝ ምንም ያህል ቢገዝፍ የሚይዘው በሰውዬው እጅ የቀረውን ብቻ ነው።

የማዶፍ ተጎጂዎች ፈንድ የሚባለው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ያቋቋመው ፈንድ በመጨረሻ ያከፋፈለው ወደ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 2.2 ቢሊዮኑ የተገኘው ጄፍሪ ፒካወር ከተባለ ባለሀብት ውርስ ነው። ፒካወር ለብዙ ዓመታት የማዶፍ ደንበኛ የነበረና ካስገባው እጅግ የበለጠ ያወጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 በፍሎሪዳ ቤቱ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ባለቤቱ በቀጣዩ ዓመት በዲሴምበር 7.2 ቢሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማች። 5 ቢሊዮኑ ለባለአደራው፣ 2.2 ቢሊዮኑ ለመንግሥት ገባ። እሷ ባሏ በማጭበርበሩ አልተሳተፈም ብላለች፤ እሱም በዚህ ጉዳይ ተከስሶ አልተፈረደበትም።

ሌላው 1.7 ቢሊዮን ዶላር የመጣው ከጄፒ ሞርጋን ቼዝ ነው። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2008 መገባደጃ በማዶፍ ላይ ያለውን ጥርጣሬ ለእንግሊዝ ባለሥልጣናት ሪፖርት አድርጎ ነበር። የራሱንም ገንዘብ ከማዶፍ ጋር ከተያያዙ ፈንዶች አወጣ። ለአሜሪካ ባለሥልጣናት ግን ማሳወቅ የነበረበትን አላሳወቀም። በጃንዋሪ 2014 ዐቃቤ ሕግ በባንክ ሕግ ጥሰት ክስ ቢያቀርብበትም፣ ክሱ እንዳይቀጥል በተደረገ ስምምነት ባንኩ ገንዘቡን ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ።

እነዚህ ሁለቱ ብቻ ተደምረው 3.9 ቢሊዮን ዶላር ይሆናሉ። በሌላ አባባል ከፈንዱ ከአሥር ዘጠኝ እጁ የመጣው የጥፋተኝነት ውሳኔ ካልተሰጠባቸው ወገኖች ነው። የተወረሰውም ንብረቱን ራሱን ተከትሎ በሚሄድ የፍትሐ ብሔር መንገድ እንጂ በማዶፍ የወንጀል ፍርድ አይደለም። የ170.8 ቢሊዮን ዶላሩ ትዕዛዝ በገንዘብ ረገድ ያመጣው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ወንጀለኛው ላይ ከሚጻፈው ቁጥር ይልቅ ገንዘቡ ወዴት ሄደ፣ ማን እያወቀ ወይም ሳያውቅ ተጠቀመበት፣ ማን በሩ ላይ ቆሞ ዐይኑን ጨፈነ የሚለውን መከታተል ነው ተጎጂን ለክፍያ ያበቃው።

ለማን ደረሰ?

በአሜሪካ ሕግ የተወረሰ ንብረት የመንግሥት ይሆናል። ተጎጂው የባለቤትነት መብት ይዞ አይመጣም፤ ያቀረበውን አቤቱታ ፍትሕ ሚኒስቴሩ አይቶ በራሱ ሥልጣን ከተወረሰው ሊያካፍለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በተቋቋመው የተወረሱ ንብረቶች ፈንድ የሚገባው ገንዘብ የሕግ አስከባሪዎችን ሥራም ይደግፋል። ይህ አሠራር በአሜሪካ የማያባራ ቅሬታ አለበት። የሚወርሰው አካል ከሚወረሰው ገንዘብ ድርሻ ካለው፣ ምን መውረስ እንዳለበት ሲወስን ፍርዱ ሊዛባ ይችላል የሚል ቅሬታ ነው።

በማዶፍ ጉዳይ መንግሥት ገንዘቡን ለተጎጂዎች እንደሚሰጥ ቃል ገባ። በሕጉ ተከሳሹ ለእያንዳንዱ ተጎጂ ካሳ እንዲከፍል ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ተጎጂዎቹ እጅግ በመብዛታቸው ግን ያ መንገድ አያዋጣም ተባለና የተወረሰው ገንዘብ በፈንድ እንዲከፋፈል ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የቀድሞው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኃላፊ ሪቻርድ ብሪደን ፈንዱን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። የመጀመሪያው ክፍያ የተፈጸመው በኖቬምበር 2017 ነው፤ ማዶፍ ከታሰረ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ሲል። በእነዚያ ዓመታት ያረጁ፣ የሞቱ፣ የጡረታ ቤታቸውን የሸጡ አሉ። የዘገየ ፍትሕ ዋጋው ይኸው ነው።

ውጤቱ ግን በዓለም ታሪክ ከሚታወቁ ትልልቅ ማጭበርበሮች ጋር ሲተያይ የሚደነቅ ነው። በመጨረሻ 40,930 ተጎጂዎች በ127 አገሮች ተከፍለዋል፤ ከሌሎች ምንጮች ያገኙትም ሲታሰብ ያጡትን 93.71 በመቶ መልሰዋል። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ከፈንዱ ጎን ለጎን ባለአደራው ኢርቪንግ ፒካርድ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስመልሰዋል። ሆኖም እሳቸው በሕጉ የሚያውቁት በማዶፍ ድርጅት በስማቸው ሒሳብ የከፈቱትን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን ገንዘቡን ያስገባው በሌላ ፈንድ ወይም በጡረታ ዕቅድ በኩል ነበር፤ የማዶፍን ስም ሰምቶ የማያውቅም ይገኝበታል። ከኪሳራው ሕግ በር ላይ የተመለሱት እነዚህ ሰዎች የተስተናገዱት በተወረሰው ገንዘብ ነው። ሥልጣን ያለው አካል ለተጎጂ አሳቢ ሲሆን የመውረስ ሕግ ሌላው ሕግ ያልደረሰበት ቦታ ይደርሳል ማለት ነው። የሚያሳስበው ይህ ሁሉ በቅን ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ባለሥልጣኑ ቢለወጥ ወይም ጉዳዩ በዓለም ዘንድ ያልታወቀ ትንሽ ማጭበርበር ቢሆን ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ቀድሞ የወጣና ዘግይቶ የገባ

በእንዲህ ያለ ማጭበርበር ከሁሉ የሚከብደው ተጎጂን ከተጎጂ መለየት ነው። አንዱ አምስት ሚሊዮን አስገብቶ ስምንት ሚሊዮን አወጣ፤ ሌላው በመጨረሻው ወር አምስት ሚሊዮን አስገብቶ ሁሉን አጣ። የመጀመሪያው ያወጣው ሦስት ሚሊዮን ትርፍ የሁለተኛው ገንዘብ ነው። ባለአደራው ስሌቱን ያደረገው ሰው ያስገባው ሲቀነስ ያወጣው በሚል ነበር፤ የመጨረሻው መግለጫ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይታይም። ሐሰተኛው ትርፍ እውን ሆኖ ይቆጠርልን ያሉ ደንበኞች ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ2011 በይግባኝ ተሸነፉ። ያተረፉትም እንዲመልሱ በፍርድ ቤት ተጠየቁ። ብዙዎቹ ተንኮሉን የማያውቁ ስለነበሩ በደል ተፈጸመብን አሉ። ቅሬታቸው ይገባል፤ ግን ይዘውት የነበረው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

ኪሳራ በየትኛው ቀን ይለካል የሚለውም ሌላ ፈተና ነው። የክሪፕቶ ገንዘብ መገበያያ የነበረው ኤፍቲኤክስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከወደቀ በኋላ መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድ ተያዘ። በኖቬምበር 2023 በሰባት ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። በማርች 2024 ዳኛ ሉዊስ ካፕላን 25 ዓመት እስራት ፈረዱበት፤ 11.02 ቢሊዮን ዶላርም እንዲወረስበት አዘዙ። ይህ ቁጥር በፍርዱ ከተገኘው ጉዳት ጋር ይገጥማል፤ ደንበኞች 8 ቢሊዮን፣ ባለአክሲዮኖች 1.7 ቢሊዮን፣ አበዳሪዎች 1.3 ቢሊዮን ዶላር አጥተዋል። ጠበቆቹ ግን የኪሳራው አስተዳዳሪዎች ሀብቱን እየሰበሰቡ ስለሆነ ተጎጂዎች ሁሉ ገንዘባቸውን ሊያገኙ ነው፣ ጉዳት የለም አሉ። ዳኛው የሰረቀውን ገንዘብ ላስ ቬጋስ ወስዶ በቁማር ያተረፈ ሌባ ቅጣት አይቀነስለትም ብለው መለሱ። በኪሳራው ሒደት የደንበኞች ድርሻ የተሰላው ድርጅቱ በወደቀበት ቀን ዋጋ ነው። ቢትኮይን ከዚያ ወዲህ ብዙ እጥፍ በመጨመሩ፣ በወረቀት ላይ ከመቶ በመቶ በላይ የተከፈላቸው ሰዎች ቢትኮይናችን ራሱ ቢመለስልን ኖሮ እያሉ ያዝናሉ። ዋጋውን እያጣ በሚሄድ ብር ለምንኖር ሰዎች ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ከዓመታት በፊት የተሰረቀ ብር ቁጥሩ ሳይቀነስ ቢመለስም የሚገዛው ነገር ቀንሷል።

ልጓሙ

መንግሥት ንብረት ሲወርስ ገደብ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ወንጀል መፈጸሙ ጥርጣሬ በማያስገባ ማስረጃ ሲረጋገጥ፣ የሚወረሰው መጠን ግን የቅጣቱ አካል ነው ተብሎ ሚዛን በደፋ ማስረጃ ብቻ ይወሰናል። የማስረጃው ደረጃ ዝቅ በማለቱ ምክንያት የፍርድ ቤቶቹ ጥበቃ የበለጠ ያስፈልጋል።

ሁለት ፍርዶች ይህን ጥበቃ ያሳያሉ። በመጀመሪያው አንድ ሰው 357,144 ዶላር ሳያስመዘግብ ከአሜሪካ ይዞ ሊወጣ ሲል ተይዞ ገንዘቡ በሙሉ እንዲወረስ ዐቃቤ ሕግ ጠየቀ። ገንዘቡ የወንጀል ፍሬ አልነበረም፤ ጥፋቱ አለማስመዝገቡ ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በአምስት ለአራት ድምፅ፣ መውረሱ ከጥፋቱ ጋር እጅግ የማይመጣጠን ስለሆነ ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ከመጠን ያለፈ ቅጣት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ባለጉዳዮቹ የቴነሲ ግዛት የብረታ ብረትና መሣሪያ መሸጫ ባለቤትና እዚያው ተቀጥሮ የሚሠራ ወንድሙ ነበሩ። ከሱቁ የተሸጠ ኬሚካል ለአደንዛዥ ዕፅ ሥራ ውሏል ተብሎ ከትርፉ የቀረው ከወንድሙ እንዲወሰድ ተጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ልዩነት፣ ሰው ያልደረሰውን ገንዘብ አምጣ ሊባል አይችልም ብሎ ፈረደ። ይህ መርህ ቀላል ቢመስልም፣ በቡድን በተፈጸመ ማጭበርበር ሒሳቡ ሁሉ እጁ ላይ ንብረት በተገኘው ትንሽ ሠራተኛ ላይ እንዳይከመር ያደርጋል።

ከወንጀለኛው ውጪ ያለ ሰውም ድምፅ አለው። በመጀመሪያው የመውረስ ትዕዛዝ ወቅት መንግሥት ማስታወቂያ ያወጣል፤ ንብረቱ የኔ ነው ወይም በቅን ልቦና ገዝቼዋለሁ የሚል ሦስተኛ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ያቀርባል። ቤቱን ያከራየ፣ መኪናውን የገዛ፣ የቤተሰብ ድርሻ ያለው ሰው ሳይሰማ ንብረቱ አይሸጥም። መውረስን ከመቀማት የሚለየው ይህ ሥርዓት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

በኢትዮጵያ መንግሥት ንብረት ሲወርስ የሚጠየቀው ጥያቄ ከሕግ ባሻገር የታሪክ ክብደት አለው። የ1967ቱን የትርፍ ቤቶች አዋጅ ያየ ትውልድ ገና በሕይወት አለ፤ በዚያ ዘመን የተወረሰ ቤት ማን ዘንድ እንደገባ፣ ማን እንደተጠቀመ የየሰፈሩ ሽማግሌ ያወራል። ስለዚህ አንድ ንብረት መወረሱ ብቻ ሰውን አያሳምነውም፤ የት እንደገባ ማወቅ ይፈልጋል።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ለመንግሥት ትልቅ ኃይል ሰጥቷል። ምንጩ ያልታወቀ ሀብትን መጠየቅ፣ ወደ ኋላ 10 ዓመት ተመልሶ ማየት ይፈቅዳል። የማዶፍ ጉዳይ እንደሚያሳየው ይህ አቅጣጫ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፤ ገንዘብ የሚገኘው በተፈረደበት ሰው ላይ ከሚጻፈው ቁጥር ይልቅ ንብረቱን ራሱን በመከተል ነው። ኃይሉ በበዛ ቁጥር ግን ሁለት ነገሮች አብረው መጠንከር አለባቸው። አንዱ ከላይ ያየነው የሦስተኛ ወገንና የተመጣጣኝነት ጥበቃ ነው። ሁለተኛው የተጎጂው ቦታ ነው።

አገራችን የምታያቸው ማጭበርበሮች ሰው ሊጠራቸው የሚችል ተጎጂዎች አሏቸው። በሰንሰለት ንግድ ብርና ዶላሩን ያስገባ ወጣት፣ ቤት እንሠራልሃለን ተብሎ ዓመታት የቆጠበ ሠራተኛ፣ ወደ አረብ አገር እንልክሻለን ተብላ የቤተሰቧን ከብት ሸጣ ለደላላ የከፈለች ልጅ፣ ሁሉም ወንጀሉ ቢረጋገጥም ገንዘባቸው እጃቸው እንደሚገባ እርግጠኛ አይደሉም። በሕጋችን ግን መሠረቱ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተጎጂው በወንጀሉ ችሎት ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ወንጀለኛው መክፈል ካልቻለም ከተወረሰ ዕቃ ሽያጭ ወይም ከመቀጮ ለተጎጂው እንዲከፈል ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል። በሰው የመነገድ ወንጀልን ለመከላከል በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 909 ለተጎጂዎች ማቋቋሚያ የሚውል ፈንድ አስቦ ነበር። የጎደለው ልምዱ ነው። ተጎጂ የካሳ ጥያቄውን በወንጀሉ ፋይል ሳያቀርብ ቀርቶ፣ በኋላ በፍትሐ ብሔር ሲመጣ ተከሳሹ ንብረቱ ለመንግሥት ገቢ ሆኗል ይለዋል። ዐቃቤ ሕግ አሸንፎ፣ መንግሥት ሰብስቦ፣ የተጎዳው ሰው ግን ባዶ እጁን ከችሎት ይወጣል።

ይህን ለማስተካከል አዲስ አገር መፍጠር አያስፈልግም። በማጭበርበር ወንጀል የሚወረስ ንብረት ቅድሚያ የሚውለው ለታወቁ ተጎጂዎች መሆኑ፣ ለመንግሥት ገቢ የሚሆነው የተረፈው ብቻ መሆኑ በግልጽ ይደንገግ፤ የዐቃቤ ሕጉ ወይም የሚኒስትሩ ቅን ፈቃድ አይሁን። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲያቀርብ የተጎጂዎችን ዝርዝርና የጉዳታቸውን መጠን አብሮ ያቅርብ፤ በሰንሰለት ንግድ ጊዜ በስልክ የተላከ የክፍያ ማስረጃ ሁሉ እንዲሰበሰብ አንድ ቦታ ይኑር። ቀድሞ ገብቶ ያተረፈውና ዘግይቶ ገብቶ ሁሉን ያጣው በእኩል ዐይን እንዳይታዩ ስሌቱ በሕግ ይቀመጥ፤ የማዶፍ ባለአደራ የደረሰበት መንገድ ለዚህ ያገለግላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወራሹ አካል ከወረሰው ድርሻ አይኑረው።

በየዓመቱ ስንት ቢሊዮን ብር የሚገመት ንብረት እንደታገደና እንደተወረሰ በመግለጫ እንሰማለን። ያ ቁጥር የመርማሪውንና የዐቃቤ ሕጉን ትጋት ይነግረናል እንጂ ተጎጂው ምን እንዳገኘ አይነግረንም። በሚቀጥለው መግለጫ ከዚያ ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር ሊቀመጥ ይገባል፤ በዓመቱ ከተወረሰው ውስጥ ለተታለሉት ሰዎች የተመለሰው ስንት እንደሆነ። ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ ከሆነ የመጀመሪያው ገንዘቡ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ መሄዱን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው።